ጠበል ልደፋ ሄጄ በር ተዘጋብኝ

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ የሺ የኩላሊት እጥበቱን፣ ዳያሊሲስ የሚሉትን፣ ከጀመረች ዓመት አልፏት ነበር፤ ዛፉም ቅጠሉን ማራገፍ ጀምሯል። ቀኑ ቢጠፋኝም፣ የዚያን ዕለት ያህል ጨንቆኝ ስለማያውቅ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የእህቷ ልጅ ከአገር ቤት ያመጣላት አንድ ጋሎን ጠበል ነበረ። ሐኪሙ የምትጠጣውን ውኃ በመጠን ስላደረገባት፣ ጠበሉ ሳይጠጣ ቆይቶ ሽታው ተለወጠ። ጠበል ደግሞ ሲንክ ውስጥ አይደፋም። እግር የማይረግጠው ቦታ ነው የሚደፋው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

እናም ያን ጠዋት የሺን ክሊኒክ አድርሼ፣ ጋሎኑን ይዤ ጀልባ ወደሚሄድበት ሰው ሠራሽ የውኃ ቦይ፣ ወደ ካናሉ ነዳሁ። በላዩ ካለው ድልድይ ሥር ጀልባ የሚታሰርበት፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ የጣውላ መተላለፊያ አለ። የብረት በሩን ገርበብ ብሎ አገኘሁትና ገባሁ። ጫፍ ድረስ ሄጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ ቀስ አድርጌ ደፋሁት።

ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ነፋስ ይሁን ሰው አላውቅም። ከውስጥም ከውጭም ቁጥር ካልነኩለት አይከፈትም። አጥሩ በሁለቱም ጎን ውኃው ላይ ወጣ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ብረት ነው። ዋና አልችልም። ስልኬ መኪና ውስጥ ቀርቷል።

የሺ የምትጨርሰው በእኛ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ስትነሳ ይዞራታል። አንድ ጊዜ እኔ ሳልደርስ ብቻዋን ተነስታ፣ ወድቃ ግንባሯን ተሰፍታለች።

ድልድዩ ላይ ሰው ያልፋል። እጄን ላነሳ እልና ባዶውን ጋሎን አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ውኃው ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሲደፋ ተገኘ ቢሉኝ፣ በየትኛው እንግሊዝኛዬ ላስረዳ ነው? አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ስታልፍማ ጭራሽ ጋሎኑን ጃኬቴ ውስጥ ሸሸግሁት። ጣውላው ከሥሬ ይወዛወዛል። በሩን እነቀንቃለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ደግሞ እነቀንቃለሁ።

ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ያሰሩኝ እንደሆነ ይሰሩኝ አልኩና ጮህኩ። "ሄልፕ" ነው ያልኩት።

አጠገቤ የታሰረችው ጀልባ ሸራዋ ተገለጠና አንድ ሽበታም ጥቁር አሜሪካዊ ብቅ አለ። ለካ እዚያው ሞተሩን ሲጠግን ኖሯል። ሁሉንም አይቷል። ኮፍያውን አወለቀና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ማን ሞቶብዎት ነው?" አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ በእጁም በቃልም እያሳየ እንዳስረዳኝ፣ አስከሬኑ የተቃጠለ ሰው ሲሆን ቤተሰቡ አመዱን እዚያ ውኃ ላይ ይበትናል። ጫማዬን አውልቄ ሳነበንብ ሲያየኝ፣ ሐዘንተኛ ነው፣ ልረብሸው አይገባም ብሎ ሸራው ሥር ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል። በሩን ስነቀንቀውም ሐዘኑ ጠንቶበት ነው ብሏል።

"ኖ ዳይ" አልኩት። "ዋይፍ። ሆስፒታል።" ሰዓቴንም አሳየሁት።

ከጀልባዋ ወርዶ የበሩን ቁጥር ነካ። በሩን ከፈተልኝ፤ እስከ መኪናዬም አብሮኝ ሄደ። ስሙንም እዚያ ነው የነገረኝ።

ስደርስ የሺ የወንበሩን ክንድ ይዛ ልትነሳ ስትል ነበር። ደረስኩላትና ያዝኳት። መንገድ ላይ የሆነውን ስነግራት፣ "በቁሜ አመዴን በተንከው በለኛ" ብላ እስኪደክማት ሳቀች።

አሁን ሳስበው፣ ሰው ፈርቼ ያን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። ሰውየውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጠዋት ስጸልይ ግን ከየሺ ቀጥዬ አነሳዋለሁ። የክርስትና ስሙን ስለማላውቅ፣ እሱን ፈጣሪው ያውቀዋል ብዬ፣ ሬይመንድ ነው የምለው።