ማዳም የጠረጠረችው ጥቁር ጉድጓድ

አገራችን የቤት ሠራተኛ መላክ ባገደችባቸው ዓመታት፣ ቀድመን ዱባይ የገባን ሴቶች እንደ ዘር እህል ነበር የምንጠበቀው። አዲስ ሰው አይመጣም፤ ማዳሞቹ ደግሞ አንዷ የሌላዋን ሠራተኛ ታባብላለች። አል ባርሻ ሰፈር ያለችው የእኔዋ ማዳም ደግ ናት፤ በዚህ ነገር ግን ጥላዋንም አታምንም ነበር።

እኔ ልብስ ስተኩስ ጆሮዬ ላይ የምሰካው ዘፈን ሳይሆን የሰማይ ወሬ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ጥዬ መጥቼ፣ እዚህ ካውያ ይዤ ቀጠልኩት በሉኝ። ከሁሉ ልቤን የወሰደው በትንንሽ ጋላክሲዎች መሃል ያለው፣ የቀረበውን ሁሉ የሚውጠው ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) ነው። የትልልቆቹ ግዙፍ ስለሆነ ሲበላ አገር ያየዋል። የትንሿ ግን ጉርሻው ጥቂት ነውና ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፤ ሲጎርስ የሚረጨውን ኃይለኛ ጨረር አድፍጠው ካልያዙት መኖሩም አይታወቅም።

ስለዚሁ ጉዳይ ሻርጃ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ለሁሉም ክፍት የሆነ ንግግር እንዳለ ሰማሁ። ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ሻርጃ ማን አለሽ?» አለች ማዳም።

ጥቁር ጉድጓድ አልኳት፤ በኩሽና ዓረብኛዬ ሌላ ምን ልበል። ይባስ ጠረጠረች። ሰሞኑን ለብቻዬ እንደምስቅ፣ የባሏን ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ከንዱራውን፣ እንዳቃጠልኩ ዘርዝራ፣ ሌላ ማዳም አግኝተሻል ብላ ፈረደች። ዋላሂ ብል ማን ሰምቶኝ። ዓርብ ሲደርስ ግን የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ «ያላ፣ አብሬሽ ነው የምሄደው» አለች።

አዳራሹ ውስጥ እኔን ግድግዳ ሥር አስጠግታ እሷ በውጭ በኩል ተቀመጠች። አጠገቧ ያለች ሴት ሰላም ብትለኝ ማዳም ትከሻዋን አዞረችባት። ተናጋሪዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ የተደፋ ዱቄት የምትመስል ጋላክሲ አሳየችን፣ መሃሏ ላይ አንዲት የጨረር ነጥብ። ጉድጓዱ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ አለች፤ የሞተ ኮከብም ጎረቤቱን እየመጠጠ ይህንኑ ጨረር ይረጫል።

ማዳም ቀና አለች። ጭራሽ እጇን አወጣች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ትለያላችሁ?»

«አንዴ አይተን አንፈርድም» አለቻት ልጅቷ። «በሌላ መሣሪያ እናያለን፤ ደግሞም ተመልሰን እናያለን።»

ስንመለስ አል ተዓውን የሚባለው ሰፈር ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ማዳም መሪውን ይዛለች። ደፈር ብዬ፣ አሁንስ አመንሽኝ አልኳት።

«አንዴ አይተን አንፈርድም» አለች ዓይኗን ከፊት ካለው መኪና ሳታነሳ። «የሚቀጥለው መቼ ነው?»

እንዲህ ሆነና ዓርቤን አገኘሁ፤ ጠባቂዬም ሹፌሬም እሷው ሆነች።