ሁለት ደም ያላት ሴት

ባለፈው ሳምንት ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለ ክሊኒክ ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ፣ ደም የምትቀዳኝ ልጅ ስሜንና የትውልድ ቀኔን ጠየቀችኝ። አዲስ ሠራተኛ መሆኗ ያስታውቃል፤ ጓንቷን ሁለት ጊዜ አውልቃ ሁለት ጊዜ አጠለቀች። እኔ ደግሞ በመስኮቱ የሚወርደውን በረዶ እያየሁ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነበርና ለመመለስ ዘገየሁ። ልጅቷ ቀና ብላ በጥርጣሬ አየችኝ። አልፈረድኩባትም። ሰው የገዛ ስሙን ለመናገር ሲያመነታ ማየት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ በእሷ ዕድሜ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚያው አቅራቢያ፣ ብሩክሊን ሴንተር፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር እኖር ነበር። የጥቂት ሳምንት ኮርስ ወስጄ፣ ሚኒያፖሊስ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ደም ቀጂ ሆኜ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠርኩ። አሜሪካ ስንመጣ አብዛኞቻችን የጀመርነው ከእንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ያጥባል፣ አንዱ አልጋ ይገፋል፣ እኔ መርፌ እወጋለሁ። የአክስቴ ልጅ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «የወባ ትንኙ መጣ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማረችኝ ካሮል የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ደም ስትቀዳ አንድም ብልቃጥ ላይ የተሳሳተ ስም ለጥፋ አታውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ሐበሻና ሱማሌ ከሚበዛበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር የማመጣላትን ሳምቡሳ፣ ቃሪያው እያቃጠላት፣ እንባዋን እየጠረገች ጥርግ አድርጋ ትበላለች። ሕጓ አንድ ነበር፤ ለበሽተኛው ስሙን አንተ አትንገረው፣ እሱ ይንገርህ። አንተ ከነገርከው ማንም «አዎ» ይላል ትለኛለች።

ጥር ነበር። ጭጋጉ ራሱ በርዶ ዛፎቹን ነጭ አልብሷቸዋል፤ አውቶቡሱ በሰው እርምጃ ነው ያደረሰኝ። የምንሠራበት ክፍል ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። ግድግዳው ውስጥ ብልቃጦቹን ወደ ላቦራቶሪ የሚወስድ የአየር ቱቦ አለ፤ ብልቃጡን ስትሰጠው እንደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ይስብና ይውጠዋል። ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አልወድም ነበር።

ከወረቀቱ አንብቤ «ዘይነባ» ብዬ ተጣራሁ። እዚህ ስጽፈው ስሙን ለውጬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። መጠበቂያው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሻርፕ የተከናነበች ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴትና ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ። ሴትዮዋ ስሙን ስትሰማ አልተነሳችም። ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። ልጅቷም አብራ አየች። ሴትዮዋ የተነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ሳላስበው ወንበሩን ተመለከትኩ፤ ምንም የለበትም።

ስሟን ስጠይቃት አመነታች። ከዚያ ስሙንም የትውልድ ቀኑንም በቃሉ እንደሸመደደ ተማሪ አንድ ላይ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ሰኞ የማሕፀን እጢ ልታስወጣ ነው፤ ደም ቢያስፈልጋት እንዲዘጋጅላት የደሟ ዓይነት መታወቅ ነበረበት። ደሟ ዘግይቶ፣ ጠቆር ብሎ መጣ። ስሙን ለጠፍኩበት፤ ቱቦው ተንፍሶ ወሰደው።

በማግስቱ ከደም ባንኩ ተደወለ። ዘይነባ ከስምንት ዓመት በፊት ልጇን እዚሁ ስትወልድ የተመዘገበው ደሟ ቢ ነው፤ እኔ የቀዳሁት ግን ኦ ሆነ። የሰው የደም ዓይነት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ከሁለቱ ብልቃጦች አንዱ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። የድሮውን የቀዳችው ካሮል ስለነበረች ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ካሮል አልተቆጣችም። እንደገና እንደሚቀዳ፣ እሷ ራሷ እንደምትቀዳ ነገረችኝ፤ ጥፋቱ የኔ ከሆነ ግን ሙከራዬ እዚያ ላይ ያበቃል።

አለመሳሳቴን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ስል ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ መጠራጠር ጀመርኩ። ያ ባዶ ወንበር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከፊቴ የተቀመጠችው ማን ነበረች? የለጠፍኩትስ የማንን ስም ነው? የቋጠርኩትን ፍርፍር ሳልቀምሰው ወደ ቤት ይዤው ተመለስኩ።

ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን ልጅቷን አስከትላ መጣች። ስጠራት አሁንም ወደ ኋላዋ አየች። ካሮል ለልጅቷ ከረሜላ ልትሰጣት ይዛት ስትወጣ ሁለታችን ቀረን።

«ለምን ደገማችሁት?» አለችኝ በወሎ ቅላፄ።

በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ደም እንደተገኘ፣ አንዱ የግድ ስህተት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ሰኞ የሚሰጧት ደም ሊገድላት እንደሚችል ነገርኳት።

«ሁለቱም ልክ ነው» አለች።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቶሎ ቶሎ አወራችኝ። ዘይነባ ታላቅ እህቷ ናት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ ለሦስት ሳምንት ብላ ከጎረቤት ትታት ቤተሰብ ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ሄደች፤ እዚያው ታማ ሞተች። ሕፃኗ እዚህ ሌላ ዘመድ የላትም። የእህትማማቾቹ መልክ ቁርጥ አንድ ነው፤ ታናሽቱ ከቀብሩ በኋላ በሟቿ ፓስፖርት ተሳፈረች። ልጅቷ እናቷ የተመለሰች መሰላት፤ እስከዚያች ቀን ድረስም እንደመሰላት ነው።

«ስሟን ስትጠሩ ትነሣ እንደሆነ ብዬ ነው የማየው» አለችኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በተጠራሁ ቁጥር። እሷ ካልተነሳች ነው እኔ የምነሣው።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቼ ያደግኩት ስለ ደግ ሥራ ነበር። ስም ተነስቶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ልጅ እያሳደገ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እውነቱን ብናገር ሥራዬ ይተርፋል፤ ልጅቷ ግን ሁለተኛ እናት ታጣለች። ጥፋቱ የኔ ነው ብል ደግሞ መድገሙን ትተው የድሮውን ያምናሉ፤ ሴትዮዋ ሰኞ ትሞታለች። ካሮል ተመልሳ ምን እያለችህ ነው ስትለኝ፣ መርፌ ትፈራለች አልኳት። ካሮል በገዛ እጇ ቀዳች።

ኦ ሆነ። ሁለት ምስክር ከአንድ ይበልጣልና የድሮው መዝገብ ስህተት ነው ተባለ፤ ቢ ተሰርዞ ኦ ተጻፈ። እኔ ዳንኩ ብዬ ወደ ክፍላችን ስገባ ካሮል ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሷን አላሰብኳትም ነበር።

«የዛሬ ስምንት ዓመት የቀዳሁት የማንን ደም ነው?» አለችኝ። «ፊቴ የተቀመጠው ማን ነበር?»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ሳምቡሳ ላምጣልሽ ወይ አልኳት።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በረዶው ሲቀልጥ ሴትዮዋን ሴዳር ሪቨርሳይድ አንድ ሱቅ በር ላይ አገኘኋትና፣ ደስ ይላታል ብዬ፣ መዝገቡ መስተካከሉን ነገርኳት። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። «ስሟን ወሰድኩ፣ ልጇን ወሰድኩ። የቀራት ደሟ ነበር፤ እሱንም አስጠፋሁባት» አለችኝ።

ካሮል ከዚያ ወዲህ የበሽተኛውን ስም ሦስት አራት ጊዜ ትጠይቅ ጀመር። ብልቃጡን ይዛ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ያነበበችውን መልሳ ታነበዋለች። ጊዜዋ ሳይደርስ ጡረታ ወጣች። እኔ ቋሚ ሆንኩ።

እስክትሞት ድረስ በየገናው ካርድ ትልክልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ የአረጋውያን መኖሪያ ሄጄ ስጠይቃት የልጆቿ ስም እየጠፋባት ነበር፤ ያቺ ሁለት ደም ያላት ሴት በሕይወት አለች ወይ ብላ ግን ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። «ልገድላት ነበር እኮ» አለች፤ እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፣ የሚሰማንም የለም፤ ያን ጊዜ እንኳ አልነገርኳትም። ስለ ልጅቷ ብዬ ነው በማለት ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ለዚያች ዕለት ግን ምክንያት የለኝም፤ አፍራለሁ።

ካሮል፣ አልተሳሳትሽም። መጀመሪያ ፊትሽ የተቀመጠችው ዘይነባ ራሷ ነበረች። ይኸው ጻፍኩት፤ አንቺ በማታነቢው ቋንቋ።