የታምራት ደህና ፊት

ባለፈው ሳምንት ልጄ የተገነጠለ የደብተር ሽፋን ልታጣብቅ ዱቄት በውኃ በጥብጣ እሳት ላይ ስታማስል፣ ያ ጎምዘዝ ያለ የሙጫ ሽታ ቤቱን ሞላውና የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቁጭ አልኩ። በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ፣ የእናቴ ጓዳ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ታላቅ ወንድሜ ታምራት የቤቱን ዱቄት ሰርቆ ፊልም ሲሠራ።

ፊልም ስል ካሜራ የነበረው እንዳይመስላችሁ። ወረቀት ከወረቀት እያጣበቀ እንደ መቀነት ያስረዝምና ይሥልበታል፤ ከዚያ በሁለት እንጨት ጠቅልሎ መስኮት ባወጣለት ካርቶን ውስጥ፣ ከኋላው አምፖል አብርቶ፣ እያዞረ ያሳየናል። ደራሲው እሱ፣ ዳይሬክተሩ እሱ፣ ዋናው ተዋናይም እሱ ራሱ፤ የውሻውን ድምፅ እንኳ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ፣ አንድ ጫማውን ውሻ ወስዶበት፣ ሱሪው እየወለቀ፣ ተራው ሲደርስ ስኳሩ አልቆ ሳሙና የሚታቀፈውን ታምራትን ስናይ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፤ ያንኑ ወረፋ ተሰልፋ የዋለችው እማዬም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

የራሱን ፊት አጥንቶ ለመሣል ደግሞ ጦር ኃይሎች ፎቶ ቤት ሄዶ ይነሳል፤ ዓይኑን አንሸዋርሮ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ በደህና ፊት አትነሳም?» ትለዋለች እማዬ።

«ደህና ፊትማ ሁሉም ሰው አለው እማዬ፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። ምናልባት ብቸኛው ደህና ፎቶ የተለጠፈበት መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነበርና አብሮት ሄደ። ሰሜን ደረሰ ሲባል ሰማን፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። በመጨረሻ የእድሩ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በራችንን አንኳኩ። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር ማን ያጣዋል? እማዬ በሩን ሳትከፍት ጮኸች።

ሬሳ የለም። ሬሳ በሌለበት የሚለቀሰው በፎቶ ነው። ከጎጃም የመጣችው አክስቴ ድንኳኑ መሀል ቆማ «ፎቶውን አምጡልኝ፣ ልጄን ልየው!» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ እማዬ ሣጥኗን ብትበረብር የሚገኘው ሁሉ የተንሸዋረረና ምላሱን የጎለጎለ ሆነባት። ከሁሉ ይሻላል ያለችውን መረጠች፤ የእሷን ሻሽ አስሮ በከሰል ጢም ያበቀለበትን። ፎቶውን ደረቷ ላይ ደፍታ ይዛ ወጣች።

«አሳዪን እንጂ እህቴ!» አለቻት አክስቴ።

ገለበጠችው። አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ፤ ከሴቶቹ መሀል አንዷን ሳቅ አመለጣት፤ ቀጥሎ እማዬ ራሷ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ጩኸት ዞረ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሲወጣ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። እኔም የማለቅሰው ለሞተው ወንድሜ ይሁን በወጉ ማልቀስ ላቃታት እናቴ አላወቅኩም።

የፊልሙን ጥቅልል ከጊዜ በኋላ አይጥ በላው። እማዬ ካረጀች፣ ዓይኗም ከደከመ በኋላ፣ እግሯን ሳጥባት ድንገት ትጠይቀኝ ነበር፦

«አንቺ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ቆንጆ ነበር እማዬ» እላታለሁ።

ደስ ይላትና ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ግን ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።