የኪራኮስ የግእዝ ካልኩሌተር

ኪራኮስ ኮምፒዩተር የለመደው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቴሌቪዥን ሲጠግን ነው። አንድ ደንበኛ «አይሠራም፣ ጣለው» ብሎ የተወውን፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የቤት ኮምፒዩተር ነፍስ ዘራበት። ያን ጊዜ ማሽኑ ሲበራ ባዶ ነው፤ ፕሮግራሙን ከካሴት ይጭኑለታል፣ ካሴት ከሌለም ቁጭ ብሎ መጻፍ ነው። ኪራኮስ ካልኩሌተር ጻፈለትና በካሴት ቀዳው። በተለመደው 1፣ 2፣ 3 ሲመቱት መልሱን በግእዝ ቁጥር የሚያሳይ!

ዘንድሮ ጡረታ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ሳለ፣ ፌርፋክስ ላይ የአሮጌ ኮምፒዩተሮች ትርኢት እንዳለ ሰማና ተመዘገበ። ካሴቱን ሊሞክር ቢያስገባው ግን ቴፑ ክሩን ጎርሶ፣ ቆራርጦ ተፋው።

«አለቀልኝ» አለ፣ ክሩን በጣቱ እንደጠቀለለ።

ባለቤቱ የሺሀረግ የትምህርት ቤት ባስ ነጂ ናት፤ ለጩኸትም ለብልሽትም አትደነግጥም። «ድሮ ከጭንቅላትህ አይደል የጻፍከው? የተቆረጠው ካሴቱ ነው፣ ጭንቅላትህ አይደለም» አለችው።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ስምንት በስምንት ነጥብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች ቦታውን ስለሚሻሙ ፮ እና ፯ አንድ መስለው አረፉት። የሺሀረግ እርሳሱን ቀማችውና ነጥቦቹን ራሷ አስተካከለቻቸው። መደመሩ ሠራ፣ መቀነሱም ሠራ። ከዚያ እሷ ከአምስት ላይ አምስት ብትቀንስ ማሽኑ ቀጥ አለ።

«ምን ነካው?»

«ግእዝ ዜሮ የለውማ!»

«ድሮስ እንዴት ታደርገው ነበር?»

«ድሮም ይቆም ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ታዲያ ‹የለም› ይበላ!»

ኪራኮስ ሆዱን ይዞ ሳቀና እንዳለችው አደረገ።

ቅዳሜ ፌርፋክስ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ጌም ወዳለበት ጠረጴዛ ይጎርፋል፤ የእነሱን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። የሺሀረግ ተነሥታ የባስ በር ላይ እንደቆመች ያህል አላፊ አግዳሚውን ትጠራ ጀመር። ያኔ አንዱ አምስት ከአምስት ቀነሰ፣ «የለም» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፣ ጓደኛውን ጎትቶ አመጣ። ሰልፍ ተሠራ።

በመሃል ላንድማርክ ከሚባለው ሰፈር የመጡ አንዲት እናት፣ እትዬ እታለማሁ፣ የልጃቸውን የቢንያምን ክንድ ይዘው ቀረቡ። ቁጥሮቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ዕድሜ ያወጣል?»

«የተወለዱበትን ዓመት ይንገሩኝ» አለ ኪራኮስ።

ነገሩት። ከ፳፻፲፯ ላይ ፲፱፻፴፬ን ሲቀንስ ማሽኑ ትንሽ አሰበና ፹፫ ብሎ አወጣ።

«ወይ ጉድ! ሰው ፊት?» ብለው እትዬ እታለማሁ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ለመሆኑ መቀነስ ያውቃል አላችሁ?»

«አሳምሮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አሥር ቀንስልኝ፣ ልጄ።»

ኪራኮስ ቀነሰላቸው። ፸፫ ቦግ ሲል ቢንያምን «ፎቶ አንሣው፣ ሳይጠፋ!» ብለው አጣደፉት፤ በዙሪያው ያለው ሰው፣ ያልገባውም ጭምር፣ አብሮ ሳቀ።

ማታ ዕቃውን መኪና ላይ ሲጭኑ ኪራኮስ ፊቱ እንደፈካ «ማባዛት ልጨምርበት ነው» አለ።

«ጨምርበት» አለች የሺሀረግ ሞተሩን እያስነሣች፣ «እትዬ እታለማሁ ግን እንዳይሰሙ።»