ንጋቱ የተረጎመልኝ የህንድ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቴሌቪዥኑን ስትቀያይር አንድ የድሮ የህንድ ፊልም ላይ ቆመች። ሰማያዊ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ላብ ሸሚዙን ከጀርባው ያጣበቀበት ሰው በተጨናነቀ ጎዳና ላይ ይሄዳል። ጥቂት እርምጃ ሳይራመድ ፊልሙን አወቅሁት።

«ማሚ፣ ሰብታይትል ላድርግልሽ?» አለችኝ።

«ተዪው። ይሄን ፊልም አባትሽ ተርጉሞልኛል።»

«ዳዲ ህንድኛ ይችል ነበር?»

«አንድ ቃል አይችልም።»

ሳቀች። ላስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም። ንጋቱ ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ስለ እሱ ሳወራ ቃሉ መሐል ላይ ይቆምብኛል። በጽሑፍ ግን ቀስ እያልኩ እችላለሁ። የማላውቀው ሰው ቢያነበውም አላፍርም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል ላይ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖራለሁ፤ የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ድንች እልጣለሁ፣ ካሮት እከትፋለሁ፤ እጄ ላይ የተቀቀለ ጎመን ሽታ አይጠፋም። ንጋቱን ያወቅሁት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ስናድል ነው። ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ቀልዱን ሳይስቅ የሚናገር ልጅ ነበር። ሃክኒ ውስጥ ካለች ጠባብ ክፍሉ ሆኖ የሰው ሬዲዮ ይጠግናል። ጥገኝነት ጠይቆ ተከልክሏል፤ ይግባኙ ሊሰማ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እሱ ግን ይህን እንደ ጉንፋን አቅልሎ ነበር የሚያወራው።

ያኔ በምሥራቅ ለንደን አንድ ያረጀ ሲኒማ ቤት እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የህንድ ፊልም ያሳያል። ከሥር የሚነበብ ጽሑፍ የለውም፤ የሚያየው ቋንቋውን የሚችል ነው፤ ከእኛ በቀር። እኛማ አገራችንም ሳለን እንደዚያው ነበር የምናየው። አንድ ቃል ሳይገባን አልቅሰን እንወጣለን፤ ከዚያ ላላዩት ስንተርክ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ታሪክ እናወራለን። ማንም ውሸታም አይባልም ነበር።

«እኔ ግን ህንድኛ እችላለሁ» አለኝ ንጋቱ፣ መጀመሪያ የጋበዘኝ ቀን።

«ከየት ተምረኸው?»

«የሒሳብ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ።»

«ሒሳብን በህንድኛ ነው ያስተማሩህ?»

«በእንግሊዝኛ ነው። ሲናደዱ ግን በህንድኛ ነበር የሚሰድቡን። ከእኔ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ እንደተናደዱ ነበር።»

አመንኩት። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጌ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ሲያንሾካሹክ ደስ ይለኛል።

ይህን ፊልም ያየንበት እሁድ የመከር ዝናብ ይዘንብ ነበር። የአውቶቡሱ መስኮት በትንፋሽ ተሸፍኖ ምንም አያሳይም፤ መንገዱ ላይ የረጠበ ቅጠል ያንሸራትታል። ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ አንዲት ሴትዮ ትኩስ ሳምቡሳ ይሸጣሉ፤ ድንችና አረንጓዴ ቃሪያ ያለበት፣ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ እጅ የሚነካ። ያንን ይዘን ገባን።

ፊልሙ ዘፈን የሌለበት፣ ጨለም ያለ ነበር። ንጋቱ ወዲያው ጀመረ።

«ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ምንም የማያውቅ ተራ ሰው። የሆቴሉን አስተናጋጆች ልብስ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ዘበኞቹ ያውቁታል፣ አይፈትሹትም። ታጣቂዎቹ የመረጡት ለዚህ ነው።»

«ምን አድርግ ነው የሚሉት?»

«ቦርሳውን ሆቴሉ ውስጥ ትተህ ውጣ። ቦምብ ነው። እምቢ እንዳይል ወንድሙን ይዘውበታል።»

«ያቺ የታሰረችው ሴትስ?»

ሳምቡሳውን ገመጠ። «የወንድሙ እጮኛ ናት።»

ከፊት የተቀመጡ እናት ዞረው «እሽሽ!» አሉን። ንጋቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ሰውየው ምን እንደሚያስብ፣ ቦርሳው ሲያዩት ከሚመስለው በላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ ታናሽ ወንድሙ እንዴት ኳስ እንደሚወድ። ስክሪኑ ላይ ኳስ አላየሁም፤ ግን ማን ልብ ይላል። ሰውየው አዳራሹ ገብቶ ቦርሳውን ጠረጴዛ ሥር ሲያስቀምጥ ንጋቱ በድንገት ተነሣና ወጣ። ፍንዳታውን ብቻዬን አየሁት። ሲያበቃ መግቢያው ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ሌላ ሳምቡሳ ገዝቶ ሳይበላ ይዞታል።

እኔ ተናድጄ ነበር። «ፈሪ!» አልኩ። «እንዴት ያን ሁሉ ሰው ይጨርሳል? እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር።»

«ወንድምሽን ይዘውስ?»

«ቢይዙም!»

ኬንቲሽ ታውን ድረስ ሸኘኝና ደህና ዋይ ብሎኝ ሄደ።

ማክሰኞ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ይህን ፊልም ለሱሺላ ተረክሁላት። ሱሺላ አብራኝ የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ህንዳዊት ናት፤ የህንድ ፊልም አያመልጣትም። ካሮቷን ትታ አፈጠጠችብኝ።

«የምን ወንድም?»

«የያዙበት ወንድሙ።»

«ወንድም የለውም። የያዙት ሚስቱን ነው። አንቺ ልጅ፣ ማነው የተረጎመልሽ? የህንድኛው ፕሮፌሰር?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሳቄ ግን ወዲያው ደረቀ። ንጋቱ ቀልደኛ ነው፤ ለቀልድ የሚፈጠር ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ሄድኩ። አልጋው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቷል። «ሱሺላ ወንድም የለውም አለችኝ» አልኩት። ንጋቱ ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ።

«የኔ ነው» አለና ነገረኝ።

አገር ቤት፣ በምሥራቅ በኩል ባለች አንዲት ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። የአንድ ሆቴል ቴፕ በተበላሸ ቁጥር የሚጠሩት እሱን ነው። ያኔ አገሪቱ ውስጥ መሣሪያ የያዘው ብዙ ነበር፤ የነዚያን ሰዎች የድርጅት ስም አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ ንጋቱ ነው። ታናሽ ወንድሙን ሰይፉን ያዙበት። ቦርሳውን ሰጡት። ዘበኛው ሰላም ብሎ በሩን ከፈተለት፤ የቡና ቤቷ ልጅ እንደ ሁልጊዜው ሻይ ቀዳችለት። ሻዩን እስኪጨርስ ተቀመጠና ቦርሳውን መልሶ ይዞ ወጣ። ከከተማው ዳር ሰው የማይሄድበት ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ጥሎት ሮጠ። ከሰዓት በኋላ ፈነዳ፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሰይፉን ገደሉት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

«አንቺ ያልሽውን ነው ያደረግሁት» አለኝ። «እምቢ አልኩ። ይኸው።»

እዚያው ጋዜጣው ላይ፣ ብሎኖቹ መሐል ተቀመጥኩ። በመጨረሻ፣ «የገደሉት እነሱ ናቸው፣ አንተ አይደለህም» አልኩት።

የጥገኝነት ማመልከቻው ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ወረቀቱን ያዘጋጁለት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከሁላችን ቀድመው የመጡ፣ ቅን፣ የብዙ ሰው ታሪክ የጻፉ ሰው። ለሁሉም የሚጽፉት አንድ ዓይነት ነው፤ የድርጅት አባል ነበርኩ፣ ታሰርኩ፣ ተገረፍኩ፣ አመለጥኩ። ከሌሎች ሰዎች ወረቀት ጋር ቃል በቃል ስለተመሳሰለ ነው የከለከሉት። ንጋቱን ያቃጠለው ግን መከልከሉ አልነበረም።

«ክሮይደን ያለው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ኢንተርቪው ሲያደርጉኝ፣ 'ወንድም እህት አለህ? ኖሮህስ ያውቃል?' አሉኝ። 'የለኝም፣ አልነበረኝም' አልኩ። ያን ቀን ሰይፉን ከወረቀት ላይ እኔው ፋቅሁት።»

«እንግዲያው አሁን እውነቱን ተናገር» አልኩት።

ሁለታችንም ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድን። ሰምተው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ልታስባርሪው ነው? ቦምብ ተሸክሜ ነበር ብሎ የሚያመለክት ሰው የት አገር አለ? ወንድም ስትጨምሪ ጥያቄ ትጨምሪያለሽ!»

«ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ለእሱ ብለው ነው፣ እናውቃለን» አልኩ። «ግን ወንድሙ ነው።»

«ወንድሙማ ሞቷል! ይሄኛው ይኑር እንጂ!»

የተናገሩት ቀላል አልነበረም። ይግባኙን የያዘችለት ጠበቃም ሌላ አላለችም፤ ቃሉን ለወጠ ይሉታል፣ ወንጀል አምኗል ሊሉትም ይችላሉ፣ ቢመልሱት ደግሞ ገዳዮቹ እዚያው ናቸው። ንጋቱ አሰበበት፤ ሳምንቱን ሙሉ አላየሁትም። በስምንተኛው ቀን ደውሎ፣ «ጠበቃዋ ጋ ሄጄ አስመዘገብኩ» አለኝ።

ይግባኙ የተሰማው መስኮቷ በማይከፈት ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ይጽፋሉ። አስተርጓሚው ክራቫቱን አስተካክሎ ያሰረ ያገራችን ሰው ነበር። ነገሩ እስከ ሆቴሉ ድረስ ደህና ሄደ። ዳኛው ብዕራቸውን አቁመው ጠየቁ፤ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር?

«አውቅ ነበር» አለ ንጋቱ በአማርኛ። «ሲያሰናዱት አይቻለሁ።»

አስተርጓሚው ትንሽ አመነታና በእንግሊዝኛ፣ «አያውቅም ነበር፤ በኋላ ነው የተረዳው» አለ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «እንደዚያ አላለም!» ብዬ ጮኽሁ።

«ወይዘሪት፣ ይቀመጡ፤ አለዚያ ያስወጡዎታል» አሉ ዳኛው።

አስተርጓሚው ዞሮ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ እኔ እኮ ለእሱ ብዬ ነው» አለኝ። ዓይኑ እውነት እንባ አቅርሮ ነበር። እሱም እንደ ጋሽ ወልዴ ደግ ሰው ነው። ንጋቱ ግን ደግነቱን አልተቀበለም። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ዳኛውን እያየ፣ «አውቅ ነበር» አለ። «ስለማውቅ ነው ይዤው የወጣሁት።»

ያኔ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ። አያውቅም ነበር ከተባለ፣ እምቢም አላለም ማለት ነው። ሰይፉም በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ሊያድኑት የፈለጉት ሰዎች ሁሉ ያንን አንድ ቀን፣ ሻዩን ጨርሶ የተነሣበትን ሰዓት ሊወስዱበት ነበር።

ዳኛው የወንድሙን ስም ጠየቁ። ንጋቱ ፊደል በፊደል ነገራቸው፤ ጻፉት።

ውሳኔው ከገና በኋላ በፖስታ መጣ። ስደተኛ አላሉትም፤ ቃሉን ግን አምነው ለጥቂት ዓመታት እንዲኖር ፈቀዱለት። በእኛ ሰው ዘንድ ቦምብ ተሸክሞ ነበር የሚለው ወሬ ቀድሞ ተዳርሷል። ሻይ ስናድል ከእሱ እጅ ኩባያ የማይቀበሉ ነበሩ። ስንጋባ ከጠራናቸው ሰዎች ግማሾቹ ቀሩ፤ ጋሽ ወልዴም አልመጡም። እኛ የመጡትን ይዘን ጨፈርን፤ ሱሺላ አንድ ትልቅ ትሪ ሳምቡሳ ጠብሳ መጣች።

የሙት ዓመቱ ሦስት ወር ቀርቶታል። የሚታደለው ወረቀት ላይ የሚወጣ የሕይወት ታሪኩን ጽፈሽ ላኪ ተባልኩና ላክሁ። ትናንት የሙት ዓመቱን የሚያሰናዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደወለልኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ብዙ ተቅለሰለሰ።

«እትዬ ገነት፣ ይቺን የቦርሳዋን ነገር ብንተዋትስ? ዘመኑ ክፉ ነው፣ ሰው በሌላ ይተረጉመዋል። ልጆችም ያነቡታል።»

«ልጆች እንዲያነቡት ነው የጻፍኩት» አልኩት።

«የወንድምየው አሟሟት እንኳ...»

«ይህ ከወረቀት ላይ አንዴ ተፍቆ ነበር። ሁለተኛ አይፋቅም።»

ቦታ ከጠበባችሁ የሥራውን ዝርዝር ቁረጡ፣ የእኔንም ስም ብትፈልጉ ቁረጡት አልኩት። የመጀመሪያው መስመር ግን እንዳለ ይታተማል። ንጋቱ የሰይፉ ታላቅ ወንድም ነበር፣ ይላል።