ሆደ ሰፊዋ ጀልባ

ሶአዚግ ብሬታኝ በሚባለው የባሕር ጠረፍ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታና ወልዳ፣ ስልሳ ዓመቷን እስክትደፍን ባሕሩን ከመስኮት የምታይ ሴት ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት በሰርዲን ፋብሪካ ቆማ ቆርቆሮ ስትሞላ ኖራለች። ባሕሩ የባሏ ነበር። ጉልቨን በባሕረ ሰላጤው ደሴቶች መካከል ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል፤ ውኃ ውስጥ የተደበቀውን ድንጋይ ሁሉ እንደ ጎረቤት በስሙ ይጠራዋል። እሷ ስለ ባሕር አንድም ቀን አስተያየት ሰጥታው አታውቅም። እሱም ስለ ሰርዲን አልሰጣትም።

ሁለቱም ጡረታ ሲወጡ አንድ ሐሳብ ያዙ። ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ገዝተው፣ በጋ በጋውን ጠረፍ ጠረፉን እየተከተሉ፣ አንዱ ወደብ አድረው ወደ ሌላው እየተሻገሩ ሊኖሩ። ሐሳቡ የጉልቨን ነበር። ሶአዚግም እሺ አለች፤ ማዕበል እንደሚያቅለሸልሻት እያወቀች።

ነገሩ የተበላሸው በክረምቱ ብርድ ወራት ነው። የባሕሩን ሙላትና ሽሽት ሰዓት ማንንም ጠይቆ የማያውቀው፣ ጠዋት አየሩን አሽትቶ የሚናገረው ሰው፣ ሰዓቱን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሶአዚግ መጀመሪያ ያየችው ትራስ ልብሱ ላይ በታተመው ቀለም ነው። ልብሱን አጠበችው። ከዚያ አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየ። ዳቦ ቤቱ ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሲመለስ፣ «ሰው አግኝቼ ሳወራ ነው» አላት። ማንን እንዳገኘ አልጠየቀችውም፤ ስም ቢጠፋውስ ብላ ፈራች።

ስለ ፍርሃቷ ለማንም አልተናገረችም። ብቻ ሐሙስ ሐሙስ ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ እሄዳለሁ እያለች፣ ጎረቤት ከተማ ያለ የሸራ ጀልባ ትምህርት ቤት ገባች። አብረዋት የሚማሩት የልጇ ልጆች የሚሆኑ ነበሩ። በመጀመሪያው ሐሙስ አስመለሳት፤ በሦስተኛው ውኃ ውስጥ ወደቀች። አልቀረችም።

በጸደይ ጀልባ መፈለግ ጀመሩ። ጉልቨን መጀመሪያ የወሰዳት ነጭ፣ ረጅምና ቀጭን፣ እንደ ቢላዋ የተሳለች ጀልባ ጋ ነበር። እጁን ጎኗ ላይ እያሳለፈ ዞራት። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ካየች ብዙ ወራት ሆኗታል።

«ይቺ ንፋስ ስታገኝ የሚደርስባት የለም» አለ።

«ጎኗን ታዘነብላለች?»

«ታዲያ ሳታዘነብል የምትሮጥ ጀልባ አለች እንዴ?»

ሶአዚግ ወደ መሪው እያየች፣ «አንድ ሰው ብቻውን ሊነዳት ይችላል?» አለችው።

«ብቻውን ለምን? ሁለት አይደለንም?»

ጠባብ ናት፣ መኝታዋም እንደ ሬሳ ሳጥን ነው ብላ ሰበብ ፈጠረች። ጀልባዋን ሳይገዟት ተመለሱ።

ሁለተኛዋን ያገኘቻት ራሷ ናት፤ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት። ሻጩ ታንጊ የሚባል አናጺ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ጉልበቱ ስለከዳው ነው የሚሸጣት። ጀልባዋ ርዝመቷ ስምንት ሜትር፣ ወርዷ ሦስት፤ ከሥሯ ሁለት አጫጭር እግሮች ስላሏት ባሕሩ ሸሽቶ ሲተዋት መሬት ላይ ትቆማለች። ጉልቨን ገና ከሩቅ አይቷት ሳቀ።

«ሙሲዬ ታንጊ፣ ይቺ ጀልባ ናት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ?»

«ገንዳም ብትሆን ውኃው ያለው ከውጭዋ ነው» አለ ሽማግሌው። «ፈጣን ናት ብዬ አልዋሽዎትም። ሆደ ሰፊ ናት። ንፋስ ቢቆጣት አትቆጣም። ሚስቴ ሃያ ዓመት ውስጧ ስታበስል አንድም ድስት አልተደፋባትም።»

ሶአዚግ ገባች። የወለሉን ሳንቃ አንስታ ከሥር የተጠራቀመውን ውኃ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ጨው የለውም። «የዝናብ ነው» አለች፤ «ከታች አይደለም የገባው። የአንዱ መስኮት ጎማ አርጅቷል።» ከዚያ ወጥታ ገመዶቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ተከተለች። ሁሉም መሪው አጠገብ ነው የሚደርሱት። አንድ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ሸራውን ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ያሳጥራል። እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቷ አፈረች። ቀና ስትል ጉልቨን እያያት ነው።

«ጉልበቴ ባይሆን አብሬያችሁ እወጣ ነበር» አለ ታንጊ። «ውሰዷት፣ ሞክሯት። ለምሳ መልሱልኝ።»

ጉልቨን መሪውን ያዘ። ንፋሱ ለስላሳ ነበር፤ ባሕሩ እየሸሸ ነው። በደሴቲቱና በየብሱ መካከል ወዳለው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አሥር ሺህ ጊዜ ወዳለፈበት መተላለፊያ አመራ። ፊት ለፊታቸው የጀልባ መንገድ የሚያሳይ አረንጓዴ ምልክት ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ሶአዚግ በየትኛው ጎኑ ማለፍ እንዳለባቸው ታውቃለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ተምራለች። ጉልቨን በሌላኛው ጎን አቀና።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። አርባ ዓመት ያልተናገረ አፍ ግን ቶሎ አይታዘዝም። ያውቃል፣ አንድ ነገር አይቶ ነው አለች በልቧ። ያን ስታስብ ጀልባዋ እንደ ትራስ ለስላሳ ነገር ነክታ ቆመች።

ጉልቨን ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ ሊያወጣት ሞከረ። ሞተሩ ጭቃ ብቻ በጠበጠ። ውኃው ከዓይናቸው ሥር እያነሰ ሄዶ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ እግሮች ጭቃው ላይ ተተከሉ፤ ጀልባዋ እንደ ቤት ቀጥ ብላ ቆመች። ያቺ ቀጭኗ ብትሆን በጎኗ ተጋድማ እነሱም ግድግዳዋ ላይ በተንጠለጠሉ ነበር።

በጥልቁ በኩል የደሴቶቹ ጀልባ ሰው ጭና አለፈች። የሚነዳት ጉልቨን ያስተማረው ሰው ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፈተና፣ «አለቃ፣ ሸርጣን ለቀማ ነው?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ጉልቨንም እጁን አውለበለበ። ጀልባዋ ስትርቅ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

«ምልክቱን አይተሽው ነበር» አላት።

«አይቼው ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ታውቃለህ ብዬ።»

«አላውቅም» አለ። «ቀለሙን አየሁት። ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ባዶ ነበር።» ጭቃውን እያየ፣ «መርሳቱ እየባሰብኝ እንደሚሄድ ሐኪም በኅዳር ነግሮኛል» አለ።

ሶአዚግ ወራቱን ቆጠረች። በኅዳር ማለት ያን ክረምት ሙሉ፣ እሷ ትራስ ልብስ ስታጥብ፣ እሱ ከጎኗ ተኝቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ የጀልባው ነገር ይቀር ነበር። አንድ በጋ፣ አንድ ብቻ፣ በፍጥነት ልሂድባት ብዬ ነው። ከዚያ የፈለገው ይሁን።»

«እኔስ? ባሕር መሐል ብትጠፋብኝ እኔስ ምን እሆን ነበር?»

«አንቺማ ተዘጋጅተሻል።» ፈገግታው መራራ ነበር። «ከመዝሙር ልምምድ የምትመጣ ሴት እጇ በገመድ አይላጥም፣ ሶአዚግ። ለምን ብቻውን ብለሽ እንደጠየቅሽም ገብቶኛል። ቀብረሽኝ ነው ጀልባ የምትመርጪው።»

ያ ቃል ወጋት። ልትክድ ፈለገች፤ ግን እውነት ነበረበት። «አልቀበርኩህም» አለች በመጨረሻ። «ይዤህ ልመለስ ነው የተማርኩት። አንተን ይዤ ወደ ቤት የምትመለስ ጀልባ ነው የምፈልገው። ብትሮጥም ባትሮጥም ግድ የለኝም።»

ሶአዚግ ያመጣችውን ዳቦና ጨው ያለው ቅቤ፣ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲንም አወጣች። ጉልቨን መጀመሪያ አልበላም አለ፤ በኋላ በላ። ነጫጭ ወፎች ጭቃውን እየጫሩ ዙሪያቸውን ዞሩ። ለስድስት ሰዓት ያህል እንዲያ ተቀመጡ። ውኃው ሲመለስና ጀልባዋ ከሥራቸው መነቃነቅ ስትጀምር ጉልቨን ተነስቶ ወደ መሪው ሄደ፤ አጠገቡ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ዞር ብሎ ከፊት ተቀመጠ። ሶአዚግ መሪውን ያዘች። በአረንጓዴው ምልክት ትክክለኛ ጎን አለፈች፤ እሱም ጀርባውን እንደሰጣት ነበር።

ታንጊ ወደቡ ጫፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይጠብቃል። «ምሳው እራት ሆነ» አለ።

«እኔ ነኝ ጭቃ ላይ ያስቀመጥኳት» አለ ጉልቨን። «እንወስዳታለን። ወረቀቱን በእሷ ስም ያድርጉት።» ይህን ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ሶአዚግ ስትደርስ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን አስሯል።

ሁለት በጋ ሄዱባት። እስከ ቤል ኢል ደሴት ደርሰዋል። ደስታ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። አንዳንድ ቀን ጉልቨን መሪውን ይነጥቃታል፣ ሲመልስላትም ይሰድባታል። ቤል ኢል ላይ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ የሌላ ሰው ጀልባ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ተገኘ፤ ባለቤቶቹ ደግ ሰዎች ሆነው ብርድ ልብስ አልብሰውታል። ያን ቀን ሶአዚግ ከውስጥ ተቀምጣ፣ እሱ እንዳይሰማት የውኃ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ንፋስ በጠፋበት፣ በምን ድንጋይ አጠገብ እንዳሉ ስሙን ሳይሳሳት ነገራት፤ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። በተራ ጠራቸው፤ እሷም ጻፈቻቸው።

ዘንድሮ ጀልባዋ ላይ አልወጣም ብሏል። ውኃው ያስፈራዋል። ሶአዚግ አላስገደደችውም። በሚያዝያ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ሳለች ሆዷን ልትፍቅና ቀለም ልትቀባ ሄደች፤ እሱንም ብቻውን እንዳይሆን ይዛው ሄደች። መሰላሉን ያዝልኝ አለችው። ያዘላት። ለምሳ ወርዳ ስትጠራውም አልለቀቀም፤ በሁለት እጁ እንደጨበጠ ወደ ላይ እያየ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ ይላታል፤ እሷ ግን አጠገቡ ቆማለች።