ላልሞተች ምንጭ የወጣ ሙሾ

ደብረ ማርቆስ አማርኛ በማስተምርበት ዘመን፣ ለመምህርነት ለሚሠለጥኑ ተማሪዎቻችን የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ተጀመረ። የባዮሎጂው፣ የጂኦግራፊውና የኬሚስትሪው መምህራን ሰዓቱን ተከፋፈሉት። እኔም ሥነ ቃል ካልገባበት ብዬ ሙጭጭ አልኩ። የባዮሎጂው መምህር የቅርብ ጓደኛዬ ነበር፤ አፈር በዘፈን አይለካም እያለ ያሾፍብኛል። በስንት ልመና ለአንድ የመስክ ቀን እንድሞክር ተፈቀደልኝ። ያ ቀን ካልሠመረ ሰዓቴ ይሰረዛል። እልህ ይዞኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ከተማሪዎቹና ከጓደኛዬ ጋር አምበር ከተማ አጠገብ ያለች አንዲት ምንጭ ልናጠና ሄድን። ቆሎ በኪሳችን ይዘን፣ ጭቃውን እያቦካን፣ እየተተራረብን። ያ መንገድ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ምንጯ ጣት አክላ ቀጥናለች። ተማሪዎቹ ውኃውን በባልዲና በሰዓት ለኩ። ጀሪካን ይዘው ሊቀዱ የመጡትን ሴቶችም በመጠይቅ ወረቀት ጠየቁ፤ ሴቶቹ ግን እግዜር ያውቃል ከማለት በቀር ምንም አልተነፈሱ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ለምንጯ ሙሾ እንዲገጥሙ አዝዤ ስለነበር፣ አንዲት ድምፀ መረዋ ተማሪ ደረቷን እየመታች ጀመረች። ሌሎቹም ተቀበሏት።

ከሴቶቹ አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያሉት፣ ጀሪካናቸውን ጥለው መጡብኝ።

«ምን በደለችህ? ነፍሷ ሳይወጣ ታስለቅስባታለህ? በቁሟ ልትቀብራት ነው?»

በሕይወት ላለ ሙሾ ማውረድ ሟርት መሆኑ ለጎጃም ልጅ እንዴት ይጠፋዋል? ጠፋኝ እንጂ! እማማ ይቅር ይበሉኝ እያልኩ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ቁጣቸው በረድ ሲል ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ምንጯ አለመሞቷን ያስረዱን ጀመር። ድሮ እስከ የት ትወርድ እንደነበር፣ ከበላይዋ ያለው ቁጥቋጦ እንዴት እንደተመነጠረ፣ ባሕር ዛፉ በምን ምክንያት እንደመጣ አንድ በአንድ ነገሩን።

«የተከልነው እኔና ባሌ ነን» አሉ። «ቤታችንን ቆርቆሮ ልናለብስ ብለን።»

ይህን ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጓደኛዬ የመጠይቁን ወረቀት ገልብጦ በጀርባው ሲጽፍ ዋለ።

ሰዓቴ ይጽደቅ ወይስ ይሰረዝ ተብሎ በተጠራው የመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ እኔ የተከራከረው ያው ጓደኛዬ ነው። በመጠይቅ ያጣነውን በሙሾ አገኘነው አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሆን ብለህ ነው አይደል ያስቆጣሃቸው?» አለኝ።

ሁሉም ያየኛል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ «አዎ» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ሰዓቴ ጸደቀ፤ ብዙ ዓመትም አስተማርኩበት። ከሥራዬ ሁሉ እንደዚያች ሰዓት የሚናፍቀኝ የለም። ግን እኒያ እናት ምንጯን የጎዳናት እኛ ነን ብለው ሰው ፊት እያለቀሱ ሲናገሩ፣ እኔ መምህር ተብዬው ሆን ብዬ አይደለም፣ ሟርትነቱ ጠፍቶኝ ነው ማለት አቃተኝ።